ዋይፋዩ ሙሉ ያሳያል፣ ክፍሉ ግን አይሠራም፤ የመንዝ ኮምፒውተር ክፍል ጉዳይ

መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 9፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። መንዝ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ሁለት ነገር አስጨንቆኝ ነው የጻፍኩት።

የመጀመሪያው የኮምፒውተር ክፍላችን ነው። 24 ኮምፒውተሮች አሉን፤ ሁሉም ከኋላቸው ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ተሰክቶባቸዋል። ራውተሩ ያለው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሲሆን በመካከላችን ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አለ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ገብቼ ስሞክር ገጹ ወዲያው ይከፈታል። ተማሪ ገብቶ 24ቱም ሲበሩ ግን ሁሉም ይሽከረከራል። የዋይፋዩ ምልክት ግን ሙሉ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 25ቱ «ቲቸር፣ አልከፍት አለኝ» በሚል ያልቃል።

ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ከግቢው ማዶ ነው ያለው፤ በሜትር ስንለካው 140 ሜትር ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አንቴናዎች ተተክለውለት ነበር። መጀመሪያ ላይ ምንም እንከን አልነበረውም። ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፤ ጉም ሲወርድም ይጠፋል።

በግቢያችን ለሁሉም ችግር መልሱ «ኔትወርክ የለም» ነው። እኔም ለተማሪዎቼ ያንኑ እየደገምኩላቸው ነው፤ ይህ ያመኛል፤ የማስተምረው ትምህርት እኮ ነው። በጀታችን ትንሽ ነው። ነገሩ ከሥሩ ሳይገባኝ አንድ ብር እንዲወጣ አልፈልግም። ገመዱም ገመድ አልባውም እንዴት እንደሚሠራ እየፈታችሁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


ሸዋሮቢት 22
መጋቢት 9፣ ማታ 2፡31

ሪፒተር ግዙና በራውተሩና በክፍሉ መሃል ስቀሉት። እኛ ቤት በእሱ ነው የተገላገልነው።


ባለ ክሪምፐር
መጋቢት 9፣ ማታ 3፡05

ሪፒተሩ ይቆይ። መምህርት፣ ራስሽ ጽፈሽዋል፦ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ብቻሽን ስትሆኚም ይሠራል። እንግዲያው ምልክት የደከመበት ቦታ አይደለም። ሪፒተር የሰማውን መልሶ የሚናገር መሣሪያ ነው። ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ስለሚሠሩ አንዱን መልእክት ለማድረስ አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛሉ። የወንድማችን ቤት ችግር ርቀት ስለነበረ ረድቶታል፤ የአንቺ ግን ጭንቅንቅ ይመስላል፣ ያባብሰዋል።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በሱቅና በቢሮ ገመድ በመዘርጋት ነው የምተዳደረው። ወደ ሥራ ስጠራ መጀመሪያ የማስረዳው ነገር ይህ ነው፦ ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ኔትወርክ ማለትም ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ኔትወርክ ኮምፒውተሮችሽ እርስ በርስና ከራውተሩ ጋር የሚገናኙበት የግቢሽ ውስጥ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ከግቢው በር ውጭ ያለው አገር ነው። ራውተሩ በሩ ነው፤ አንዱ ፊቱ ወደ ግቢ፣ ሌላው ወደ ውጭ ያያል። ያ የዋይፋይ ምልክት የሚነግርሽ ከኮምፒውተሩ እስከ በሩ ያለው የሬዲዮ ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ከበሩ ውጭ ገመድ ቢበጠስ እንኳ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይቀጥላል።

ስለዚህ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ቃል በትኚው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ አድራሻ አለው ወይ? ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቺና «አይፒኮንፊግ» ብለሽ በአይፒ ቁጥሩ ፊት ምን እንዳለ እዪ። ቀጥሎ በሩ ድረስ ይደርሳል ወይ? የራውተሩን አድራሻ ፒንግ አድርጊ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚለካ ትእዛዝ ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ከዚያ ከበሩ ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጊ። ይኼኛው መልስ እየሰጠ ገጽ በስሙ አልከፈት ካለ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤስ ላይ ነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆንና ተማሪ ሲሞላ ለየብቻ ሞክሪና ቁጥሮቹን አምጪልን።


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 10፣ ከቀኑ 10፡40

ሞከርኩት። ተማሪዎቹን ራሳቸውን አሠራኋቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይሠራ ኢንተርኔት ትምህርት አስተማርኩ ማለት ነው።

ብቻዬን ስሆን ራውተሩ በ2 ሚሊ ሰከንድ ይመልሳል። ክፍሉ ሲሞላ ከ400 እስከ 900 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ ከአራት ፒንግ አንዱ ወይም ሁለቱ ጭራሽ አይመለሱም። ከ24ቱ 17ቱ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ አላቸው። ሰባቱ ላይ ግን 169.254 ብሎ የሚጀምር እንግዳ ቁጥር አየሁ። እነዚህ ሰባቱ ምንም አይከፍቱም፤ የዋይፋይ ምልክታቸው ግን እንደሌሎቹ ሙሉ ነው።


አንኮበሬዋ
መጋቢት 10፣ ማታ 1፡15

ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ያገኘሽው፣ እህቴ። ሰባቱ ለብቻቸው፣ መዘግየቱ ለብቻው።

169.254 የሚባለው ቁጥር ኮምፒውተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው ነው። አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ውስጥ ያለ ዲኤችሲፒ የሚባል ሥራ ነው። የሚያድለው ቁጥር ተወስኖ ይሰጠዋል፤ ከዚህ ቁጥር እስከዚያ ቁጥር ተብሎ። እያንዳንዱንም ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚያከራየው፤ የወሰደው ሰው ግቢውን ለቆ ቢሄድም ጊዜው እስኪያልፍ ቁጥሩ ለእሱ እንደተያዘ ይቆያል። ቁጥሩ ካለቀ ቀጥሎ የመጣው ባዶ እጁን ይመለሳል። የራውተሩን ገጽ ክፈቺና ሁለት ነገር ንገሪኝ፦ ስንት ቁጥር ያድላል? አሁን የያዙትስ እነማን ናቸው?


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 11፣ ከቀኑ 6፡20

ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.149 ነው የተሞላው፤ 50 አድራሻ ማለት ነው። ኪራዩ 24 ሰዓት ነው። ዝርዝሩን ስከፍት 50ውም ተይዟል። 17ቱ የክፍሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። የቀሩት 33 ስልኮች ናቸው! የይለፍ ቃሉ ከቢሮ ወጥቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ኖሯል። ጠዋት ወደ ክፍል ሲያልፉ አንዴ ይገናኛሉ፣ አድራሻውን እስከ ነገ ይዘውት ይሄዳሉ። ልጆቹን አልወቅስም፤ እኔ በነሱ ዕድሜ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።


አንኮበሬዋ
መጋቢት 11፣ ማታ 2፡00

እንግዲህ የሰባቱ ምክንያት ተገኘ። አድራሻውን ከ50 ወደ 200 ማስፋት በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የኪራዩንም ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት አውርጂው። የክፍሉን 24 ኮምፒውተሮች ግን ከዚያ ዝርዝር ውጭ ቋሚ አድራሻ ስጫቸው። የይለፍ ቃሉም ይቀየር።

ይህ ሰባቱን ያድናል፤ ዘጠኝ መቶ ሚሊ ሰከንዱን ግን አይነካውም። እሱ የአየሩ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳሽ፤ ዋይፋይን የሚያውቅ መስሎት ይህን የማያውቅ ብዙ ነው።

በአንድ ቻናል (የሬዲዮ መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ራውተሩም ቢሆን፣ ኮምፒውተሩም ቢሆን፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክም ቢሆን። ሥርዓቱ የእድር ስብሰባን ይመስላል። ለመናገር የፈለገ መጀመሪያ ያዳምጣል። ሌላው እየተናገረ ከሆነ ይታገሣል። ዝም ሲባል ወዲያው አይነሣም፤ በዘፈቀደ የወጣለትን ትንሽ ጊዜ ቆጥሮ ነው የሚነሣው፤ ሁሉም እኩል እንዳይነሡ። ተናግሮ ሲጨርስ ሰሚው «ደርሶኛል» ይለዋል። ያ ቃል ካልመጣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ተናግሯል ብሎ ያስባል፣ ከፊተኛው የበለጠ ይጠብቅና ይደግማል። 5 ሰው ባለበት ይህ ያምራል። 24 ኮምፒውተርና 33 ስልክ ባለበት አብዛኛው ጊዜ በመጠበቅና በመድገም ያልቃል።

የባሰው ደግሞ ቀርፋፋ ተናጋሪ ነው። ከግቢው ጫፍ የቆመ ስልክ ምልክቱ ሲደክምበት ፍጥነቱን እያወረደ በሰከንድ እስከ 1 ሜጋ ቢት ሊደርስ ይችላል። ክፍል ውስጥ ያለው ኮምፒውተር በ54 ሜጋ ቢት የሚናገረውን ያ ሩቅ ስልክ ለመናገር ከ50 እጥፍ በላይ ጊዜ ይፈጅበታል። ያን ያህል ጊዜ ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጠዋል። ምልክትሽ ሙሉ ሆኖ የምትንቀራፈፊው ለዚህ ነው፤ አንቺ በደንብ ትሰሚያለሽ፣ ተራ ግን አይደርስሽም።

ከ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ክልል ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሽሹ የሚሉሽ ይኖራሉ። እዚያ ቻናሉ ብዙ ነው፤ በ2.4 ላይ ሳይደራረቡ አብረው የሚሄዱት ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ነገር ግን 5 ጊጋኸርዝ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ለማለፍ ከ2.4 ይብሳል፤ የመንዝን ግድግዳ ደግሞ አውቀዋለሁ።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ከቦታው የማይነሣ ማሽን ገመድ ይሰካለት። አየሩ ለሚንቀሳቀሰው ይተውለት። 24ቱም ኮምፒውተሮች ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ አየር ላይ ምን ይሠራሉ?


ባለ ክሪምፐር
መጋቢት 11፣ ማታ 2፡25

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደስ የሚለኝ ታሪክ ስለሆነ ነው። ኮምፒውተሮች በገመድ የሚነጋገሩበት ሥርዓት፣ ኢተርኔትም፣ መጀመሪያ እንደዚሁ የእድር ስብሰባ ነበር። ሮበርት ሜትካፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ፓርክ በሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ ኢተርኔትን ሲያስብ አንዱ መነሻው አሎሃኔት ነው። አሎሃኔት የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ደሴቶቹን በሬዲዮ ያገናኘበት ነው። ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ወፍራም ገመድ ላይ ተሰክቶ ተራ ይጠብቅ ነበር። ገመዱና ገመድ አልባው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ገመዱን ከወረፋ ያወጣው ስዊች ነው።

ስዊች እያንዳንዱን ኮምፒውተር በራሱ ገመድ ይይዛል። በየኔትወርክ ካርዱ ላይ ከፋብሪካ የተጻፈ 48 ቢት የሆነ ማክ አድራሻ አለ። ስዊቹ መልእክት በገባ ቁጥር የላኪውን ማክ አይቶ «ይኼ ሰው በ7ኛው ፖርት (መሰኪያ) ነው» ብሎ ይመዘግባል። በኋላ ለዚያ ሰው የመጣውን ወደ 7ኛው ፖርት ብቻ ይልካል፤ ሌላው አይሰማም፣ አይረበሽም። በዚያ ላይ መሄጃውና መምጫው ተለያይቷል፤ በአንድ ጊዜ ትናገሪያለሽ፣ ትሰሚያለሽ። ዋይፋይ ይህን ምቾት አያገኝም።

ዕቃ ቤታችሁን ፈትሺ። ብዙ ትምህርት ቤት የተረሳ ስዊች አይጠፋበትም።


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 12፣ ከቀኑ 9፡00

አለ! አቧራ ጠጥቶ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተገኘ። 24 ፖርትና ከጎኑ ሁለት ተጨማሪ፣ ስለዚህ ወደ ራውተሩ የሚሄደውም ቦታ አለው። ካት 5ኢ የሚባል የኔትወርክ ገመድም አንድ ካርቶን ተኩል አገኘን። የገመድ ጫፍ ማሰሪያ ክሪምፐርና የገመድ መፈተሻ ቴስተር ከደብረ ብርሃን አስመጣለሁ። ይህን ቅዳሜ ከኮምፒውተር ክበብ ልጆች ጋር እንዘረጋለን።

እስከዚያው ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያውቅ ካለ?


የጣርማ በር ልጅ
መጋቢት 12፣ ማታ 1፡30

የቤተ መጻሕፍቱ ጉሙ ነው፣ መምህርት። እኛ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ እጅህን ዘርግተህ አታየውም። ዓይን ያላለፈበትን ሬዲዮ እንዴት ያልፈዋል? ከአንቴናው ላይ ተስፋ ቁረጡ።


ሸዋሮቢት 22
መጋቢት 12፣ ማታ 1፡44

እንደዚያ ከሆነ ለቤተ መጻሕፍቱም ገመድ ጎትቱለታ፣ 140 ሜትር ምን አላት።


ባለ ክሪምፐር
መጋቢት 12፣ ማታ 2፡50

የሁለታችሁንም በየተራው።

ወንድሜ ሸዋሮቢት፣ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈቀደለት 100 ሜትር ነው። ምልክቱ በመንገድ ላይ ይደክማል፣ ጫጫታውም ያይላል። በ120 ሜትር የሠራበት ቀን አለ፤ ሲሞቅ ወይም ገመዱ ሲያረጅ ግን ያጭበረብራል፣ ማንም ምክንያቱን አያገኘውም። ከርቀቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ መብረቅ ነው። ደጋ ላይ ነን። ሁለት ሕንፃ በመዳብ ገመድ ከታሰረ በአቅራቢያው የወረደ መብረቅ በዚያ ገመድ ገብቶ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ስዊች ያቃጥላል። እንዲህ የሆነበትን ግቢ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የስንት ዓመት ዕቃ አመድ ሆነ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ገመድ የግድ ከሆነ ፋይበር ይዘርጋ። ፋይበር መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ 140 ሜትር ለእሱ ምንም አይደለም። በሁለቱ ጫፍ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልስ ሚዲያ ኮንቨርተር ያስፈልገዋል።

ወደ ጉሙ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ በታች ነው። የጉም ጠብታ የሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ቢሆን እንኳ ለዚያ ሞገድ ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ይበትነዋል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየንም ለዚህ ነው። የአንቴናሽ ሞገድ ግን፣ በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ከሆነ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዚያ ሞገድ የጉም ጠብታ እንደሌለ ይቆጠራል። ዝናብም በዚህ ርቀትና በዚህ ሞገድ ቁም ነገር አይደለም። ዝናብ በጥብቅ የሚጎዳው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን ነው፤ የዲሽ ቴሌቪዥን ዝናብ ሲጠና የሚቆራረጠው በዚያ ስለሚመጣ ነው።

እና ጉም ሲወርድ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ጉም የሚያርሰው ነገር በመሃል ስላለ ነው። መምህርት፣ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ስታዪ በመካከል ምን አለ?


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 12፣ ማታ 3፡10

ባሕር ዛፍ። አጥሩን ተከትሎ የተተከለ።


ባለ ክሪምፐር
መጋቢት 12፣ ማታ 3፡22

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንቴናው በታች ነበራ። ባሕር ዛፍ በሦስት ዓመት የት እንደሚደርስ ለመንዝ ሰው አልነግርም።

የደረቀ ቅጠል ይቀንሰዋል፣ የራሰ ቅጠል ይውጠዋል። ውሃ የተቀባ ቅጠል ስፋቱ ከሞገዱ ጋር ይቀራረባል፤ እያንዳንዱ ትንሽ እየነጠቀ ሙሉው ዛፍ ግድግዳ ይሆናል። ሌላም አለ። ሬዲዮ በክር አይሄድም፤ በሁለቱ አንቴና መካከል ሆዱ የሰፋ፣ ጫፉ የቀጠነ እንደ እንዝርት ያለ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ለ140 ሜትርና ለ5.8 ጊጋኸርዝ መሃሉ ላይ ከመስመሩ በየአቅጣጫው 1.35 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንቴናው አንቴናውን ማየቱ ብቻ አይበቃም፤ ከመስመሩ በታችም ያን ያህል ክፍት ይሁን። መሰላል ውጪና እዪው፤ የአንቴናውን ገጽ ከፍተሽም በደረቅ ቀንና በዝናብ የሚያሳየውን የምልክት ቁጥር ጻፊ።


የጣርማ በር ልጅ
መጋቢት 13፣ ከጠዋቱ 3፡15

ዛፉን አላሰብኩትም። በጉም ላይ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያመንኩት ነገር ነበር።


የሽቦ ዘመን
መጋቢት 13፣ ከቀኑ 8፡00

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን የልጅ ልጄ እያነበበልኝ ነው፣ የምለውንም እሱ ይጽፍልኛል። እኔ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው መንገድ ምሶሶ ላይ ስወጣ ነው ጉልምስናዬ ያለፈው።

መምህርቷ ገመድ ልትዘረጋ ነው ሲባል አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነው። በኛ ጊዜ ባዶ ሽቦ ሁለት ሆኖ በምሶሶ ላይ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። በየተወሰነ ምሶሶ ሁለቱን ሽቦዎች ቦታ እናለዋውጣቸዋለን፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይህን ተንኮል ይለዋል። ምስጢሩ ግን ትልቅ ነው። ከመብራት መስመርም ይምጣ ከመብረቅ፣ ከውጭ የሚመጣ ጫጫታ ሁለቱንም ሽቦ እኩል እንዲመታ ነው። በወዲያ ጫፍ ያለው መሣሪያ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጫጫታው ሁለቱ ላይ እኩል ከሆነ ሲቀናነስ ዜሮ ይሆናል፣ ንግግሩ ብቻ ይቀራል።

ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ሁለቱን ሽቦ እርስ በርስ ማጠምዘዝን አስመዘገበ። የዛሬው የኮምፒውተር ገመድ ስምንት ክሩ አራት ጥንድ ሆኖ የሚጠመዘዘው ለዚህ ነው። አራቱም እኩል አልተጠመዘዙም፤ አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ላላ ነው፣ ጥንዱ ከጎረቤቱ ጥንድ ንግግር እንዳይሰርቅ። የመንዝ ሴት ለባና የምትፈትለውን ሱፍ ያየ ይህን ያውቀዋል፤ ጥንካሬው በማጠምዘዙ ነው። ልጄ፣ ጥንዱን አታለያዪው።


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 15፣ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቃልዎን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ግን ሳንረዳው አጥፍተን ኖሯል፣ ይኸው ልንገርዎ።

ቅዳሜ ዘረጋን። 24ቱንም ገመድ ጫፍ አሰርን። ቴስተሩ በሁሉም ላይ ከ1 እስከ 8 አረንጓዴ አበራ። ለስዊቹ ቅርብ የሆኑት 19ኙ በጣም ይሠራሉ፤ ፒንግ 1 ሚሊ ሰከንድ፣ አንድም አይጠፋም። በግድግዳው ዙሪያ ተጉዘው ከ30 ሜትር በላይ የሆኑት አምስቱ ግን ይገናኛሉ፣ ይቋረጣሉ፣ ፋይል ሲላክባቸው ይጎተታሉ። ጫፉን ቆርጬ ደግሜ አሰርኩት፣ ያው ነው። ቴስተሩ ደህና ነው ይላል። ልጆቹ ገመዱ ሐሰተኛ ነው አሉ።


ባለ ክሪምፐር
መጋቢት 15፣ ማታ 2፡41

የቀለሙን ተራ በምን አሰርሽው?


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 15፣ ማታ 2፡48

ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥንድ ጥንዱን በተራ፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ሁለቱም ጫፍ እስከተመሳሰለ ድረስ ቀለሙ ለውጥ የለውም ተብዬ ነው የተማርኩት።


ባለ ክሪምፐር
መጋቢት 15፣ ማታ 3፡20

ገመዱ እውነተኛ ነው። ያን ትምህርት እኔም ተምሬው ሁለት ዓመት ስቸገር ነበር፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ኮምፒውተሩ ስምንቱን ክር በቁጥር ነው የሚያውቃቸው፣ ቀለም አያይም። 1 እና 2 አንድ ጥንድ ናቸው። 3 እና 6 አንድ ጥንድ ናቸው። 4 እና 5 አንድ ጥንድ ናቸው። 7 እና 8 አንድ ጥንድ ናቸው። አዎ፣ 3 ከ6 ጋር ነው፤ 4 እና 5ን በመሃል አቅፎ። ጋሼ ይህን ይወዱታል፦ መሃል ያሉት 4 እና 5 ለስልክ መስመር ተብለው የተተዉ ናቸው፣ የኮምፒውተሩ ጥንድ ነው ዘሎ ያለፋቸው።

አሁን የአንቺን እዪው። 3 ላይ ነጭ አረንጓዴ፣ 6 ላይ ሰማያዊ ነው ያለው። እነዚህ ሁለቱ በገመዱ ውስጥ አብረው አልተጠመዘዙም። ነጭ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ጋር ተጠምዝዞ ነው የሚሄደው፣ ሰማያዊው ከነጭ ሰማያዊው ጋር። ጋሼ «አታለያዪው» ያሉት ጥንድ ተለያየ። ጫጫታው ሁለቱን እኩል አይመታቸውም፤ ሲቀናነስ ዜሮ አይሆንም።

ቴስተሩ ግን የሚጠይቀው 1 ከ1 ጋር፣ 2 ከ2 ጋር ተገናኝቷል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ተገናኝቷል፣ ስለዚህ አረንጓዴ ያበራል። ስለ መጠምዘዙ የሚያውቀው የለም። በአጭር ገመድ ላይ ጫጫታው ሳይጠራቀም ይደርሳል፣ በረጅሙ ላይ ይገለጣል።

ትክክለኛው ተራ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። በሁለቱም ጫፍ። አምስቱን ብቻ ሳይሆን 24ቱንም ቀይሪያቸው፤ ዛሬ የሠራው ነገ ይለግማል። ልጣጩን ስትገፊም ጥንዱን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አትፍቺው፣ እስከ ጫፉ ድረስ ተጠምዝዞ ይግባ።


የሽቦ ዘመን
መጋቢት 16፣ ከጠዋቱ 4፡00

4 እና 5ን ለስልክ ተዉለት? ይህን ዛሬ ሰማሁ። ደስ አለኝ።


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 24፣ ማታ 1፡40

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራው በዝቶ ነው።

24ቱንም ደግመን አሰርን። እኔ አንዱን ጫፍ ሳስር ልጆቹ ተራውን በቃላቸው እየጠሩ ነበር። አምስቱ ሩቅ ኮምፒውተሮች ዳኑ። ክፍሉ ሞልቶ ራውተሩን ፒንግ ስናደርግ 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። የዋይፋይ መቀበያዎቹን ነቅዬ በሣጥን አስቀመጥኳቸው። ስልኮቹ አየሩን ለብቻቸው ስላገኙት መምህራንም አመስግነዋል።

ለቤተ መጻሕፍቱ መሰላል አወጣሁ። ከአንቴናው በኩል ስመለከት ማዶ ያለው አንቴና በቅጠል መካከል ብልጭ ይላል እንጂ በወጉ አይታይም። የምልክቱ ቁጥር በደረቅ ቀን ከዜሮ በታች 64 ዲቢኤም (የምልክት ኃይል መለኪያ ነው)፣ በዝናብ ከዜሮ በታች 79 ነበር። ባለ ክሪምፐር በግል ሲያስረዳኝ ሦስት ዲቢ በወረደ ቁጥር ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል አለኝ፤ እንግዲህ 15 ሲወርድ ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ደክሟል ማለት ነው። ዛፉ የአጥር ጥላ ስለሆነ መቁረጡን አልፈለግንም። በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ያለውን የብረት ምሶሶ በሦስት ሜትር አስረዘምነው፣ በዚህኛውም በሁለት። አሁን በደረቅም በዝናብም ከዜሮ በታች 48 ነው። ትናንት ጉም ወርዶ ነበር፤ ከክፍሌ መስኮት ቤተ መጻሕፍቱ አልታየኝም፣ ፒንጉ ግን አንድም አልጠፋም። ለጣርማ በሩ ወንድሜ ስል ቆጥሬዋለሁ፣ ከመቶ መቶ።

ዛሬ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው መስመር ጠዋት ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። በፊት ቢሆን ክፍለ ጊዜው ባዶ ያልፍ ነበር። አንኮበሬዋ ስለ ኪዊክስ ነግራኝ ነበር፤ ዊኪፔዲያን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው። ባለፈው ሳምንት በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ጭኜው ስለነበር 23ቱ በስዊቹ በኩል ከእሱ አነበቡ። የ9ኛ ክፍል ልጆች ስለ ኤሌክትሪክ ሞገድ እየፈለጉ ነበር። አንዱ ከበር ገብቶ «ቲቸር፣ ኔትወርክ የለም አሉ» ሲል ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ሳትዞር «ኔትወርክ አለ፣ የሌለው ኢንተርኔት ነው» አለችው።


ሸዋሮቢት 22
መጋቢት 24፣ ማታ 2፡02

የቀለሙን ተራ በወረቀት ገልብጬ ሪፒተሩ የነበረበት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እኔም ቤት ገመድ ልዘረጋ ነው።


የሽቦ ዘመን
መጋቢት 25፣ ከጠዋቱ 3፡30

ልጄ፣ ምሶሶውን ካስረዘማችሁት መብረቅ ከዛፉ ይልቅ እሱን ይመርጣል። ክረምት ሳይገባ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከምሶሶው እግር ወደ መሬት አስቀብሪለት፣ ራሰ መሬት ድረስ። ወደ አንቴናው የሚገባው ገመድም ከመሰኪያው በታች ጎንበስ ብሎ ይውረድ፣ ውሃው እዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ እንጂ ወደ ውስጥ እንዳይከተለው።


መምህርት ዘመንዝ
መጋቢት 25፣ ከቀኑ 7፡15

እሺ ጋሼ። ሽቦውን ዛሬ አዝዣለሁ፤ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እንቆፍራለን።